የአስራ አንደኛ ቢ ጆሮ ጠቢ

አስራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ከሰንደቅ ዓላማ መዝሙር በኋላ ገብተን ገና ደብተር ሳናወጣ፣ ዩኒት ሊደሯ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። የሁለተኛ ደረጃውን ሥነ ሥርዓት የምትቆጣጠረው እሷ ናት። ደህና አደራችሁ አላለችም። በዴስኮቹ መሃል አልፋ በቀጥታ ወደ ኋላ ሄደች፤ የመዝሙር መጻሕፍት የሚቀመጡበትን የብረት ቁም ሳጥን ከግድግዳው ሳብ አደረገችው፤ እጇን ከጀርባው ሰደደችና በፌስታል የተጠቀለሉ አራት ስልኮች አወጣች። ከዚያ በመጣችበት ተመልሳ ወጣች። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ስልክ ይዞ መምጣት ክልክል ስለነበር የባለ ስልኮቹ መቀጣት ማንንም አልገረመም። ያስደነገጠን ሴትዮዋ አለመፈተሿ ነው። ሌላ ጊዜ ፍተሻ ሲኖር ቦርሳ ይዘረገፋል፣ ኪስ ይገለበጣል፣ ዴስክ ስር ይታያል። ያን ቀን ግን የገዛ ዕቃዋን ካስቀመጠችበት እንደምታነሳ ሰው ነበር ያነሳችው።

«ሰው ነግሯታል» አለችኝ ጓደኛዬ በሹክሹክታ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው። በሒሳብ የሚደርስባት አልነበረም፤ የሰውንም ነገር እንደ ሒሳብ ነበር የምታየው፣ ካልተፈታላት እንቅልፍ አይወስዳትም። «ከሠላሳ ስምንታችን አንዱ ነው።»

ትምህርት ቤቱ ጎፋ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ያለ የክርስቲያን የግል ትምህርት ቤት ነው። ሦስት ፎቅ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ጠባብ ግቢ፣ ጥግ ላይ ላብራቶሪ የምንለው የብሎኬት ቤት። ረቡዕ ረቡዕ አዳራሽ ገብተን እንዘምራለን፣ ስብከት እንሰማለን፤ ያንን ሰዓት ቻፕል ነው የምንለው። የፕሮቴስታንት ልጆች እንበዛለን፤ ኦርቶዶክሶቹም አያንሱም፤ ሁለት ሦስት ሙስሊሞችም ነበሩ። ወላጆቻችን ትምህርት ቤቱን የመረጡት ለሃይማኖቱ ብቻ ሳይሆን «እዚያ ልጅ አይባልግም» ስለሚባል ጭምር ነው። ከአማርኛ ክፍለ ጊዜ ውጪ ክፍል ውስጥ አማርኛ መናገር አይፈቀድም። በሴሚስተር መጨረሻ ደረጃችን ከአንደኛ እስከ ሠላሳ ስምንተኛ ታትሞ በር ላይ ይለጠፋል። እኔ ብዙ ጊዜ ከስድስተኛ እስከ ዘጠነኛ ባለው ውስጥ ነበርኩ፤ የማልታይም የማልደነቅም።

ከስልኮቹ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ አሁንም ሰኞ፣ የኬሚስትሪ መምህራችን የቤት ሥራችንን ሳያርም መለሰልን። «አንድ ሰው ሠርቶት ሠላሳ ሰባት ሰው ከቴሌግራም የገለበጠውን እኔ አላይም» አለ። እውነቱን ነው። ግን ግሩፓችን ውስጥ አንድም መምህር አልነበረም። ቀጥሎ በቻፕል ሰዓት ወደ ጣሪያ በሚያወጣው ደረጃ ላይ ተደብቀው የሚገናኙ ሁለት የክፍላችን ልጆች ነበሩ፤ አንድ ረቡዕ ዩኒት ሊደሯ ቀድማቸው ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። የልጅቷ አባት በማግስቱ መጥቶ ግቢው መሃል በጥፊ መታት። እኛ በመስኮት እያየን ነበር።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ሌላ ክፍል ሆነ። ሰው ማውራት ሲጀምር መጀመሪያ ግራና ቀኙን ያያል። የቴሌግራሙ ግሩፕ ተዘግቶ ሌላ ተከፈተ፤ እሱም ተዘግቶ ሦስተኛ ተከፈተ፤ በየጊዜውም ሁለት ሦስት ሰው ይቀነሳል። አንድ ልጅ ዩኒት ሊደሯን ሰላም ካላት «ምነው ሰላምታ አበዛ?» ይባላል። አንገቱን ደፍቶ ካለፈም «ምን ደብቆ ነው?» ይባላል። የቤተ ክርስቲያን መዘምራን የነበሩት ልጆች ለአንድ ሳምንት ያህል ተጠረጠሩ፤ ከዚያ የመምህር ልጅ የሆነው ተጠረጠረ። ጓደኛዬ አንድ ተረት ትወድ ነበር፦ «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር።» በቀን ሦስት ጊዜ ትለዋለች።

ጥርጣሬው በመጨረሻ አንዲት ልጅ ላይ አረፈ።

በዚያው ዓመት መስከረም ከቡታጅራ የመጣች ናት። ሀና ማርያም አክስቷ ጋ ነው የምትኖረው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጸጥ ያለች ልጅ ነበረች። መምህር ሲጠይቃት ትነሳና ዝም ብላ ትቆማለች፣ እስኪተዋት ድረስ። የጽሑፍ ፈተና ላይ ግን ሒሳብና ፊዚክስ ከጓደኛዬ ቀጥላ ሁለተኛ ትወጣለች። ይሄ ራሱ አጠራጣሪ ነበር። ሰው መናገር የማይችለውን እንዴት ይጽፋል? በዚያ ላይ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ሁላችን ግቢ ስንወጣ እሷ የምሳ ዕቃዋን ይዛ ወደ ዩኒት ሊደሯ ቢሮ ትገባለች። በሩም ይዘጋል። ደወል ሊደወል አምስት ደቂቃ ሲቀረው ትወጣለች።

አንዲት ትንሽ ማስታወሻ ደብተርም ነበረቻት። ሰው ሲያወራ፣ መምህር ሲያስተምር፣ ቻፕል ውስጥም ሳይቀር አውጥታ አንድ ነገር ጫር ታደርግና መልሳ ኪሷ ትከታለች። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሹራቧን አውልቃ ስትሮጥ፣ ስልካቸው ከተወሰደባቸው ልጆች አንዱ ደብተሯን ከሹራቡ ኪስ አውጥቶ ወደ እኛ መጣ። አምስት ስድስት ሆነን ከበብነው። በግራ በኩል የእንግሊዝኛ ቃል፣ በቀኝ በኩል የአማርኛ ፍቺ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ልጁ ፍቺዎቹን ጮክ ብሎ አነበበ። «ምስክር። መደበቅ። እጅ ከፍንጅ። አምኖ መቀበል።»

ከእንግሊዝኛ መጽሐፋችን ምዕራፍ ስድስት የተወሰዱ ቃላት ናቸው፤ ስለ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ የሚያወራ ምንባብ ነበር፣ ያን ሳምንት ነው የተማርነው። ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን ልጁ «ይሄ ኮድ ነው» ሲል አንድም ሰው አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም።

እቤታችን ነፋስ ስልክ ነው። አባቴ ለሥራ ድሬዳዋ ስለነበር እኔና እናቴ ብቻችንን ነበርን። እናቴ አስራ አንድ ሰዓት ከቢሮ ወጥታ፣ ታክሲ ተሰልፋ፣ አስራ ሁለት ተኩል ላይ ትገባለች። ጫማዋን አውልቃ እግሯን አልጋው ላይ ትዘረጋና «እስኪ ዛሬ ምን አለ?» ትለኛለች። ያን ጊዜ የቀኑን ሁሉ አወራላታለሁ። ስለ ትምህርት ብቻ አይደለም። ማን ምን እንዳለ፣ ማን የት እንደሄደ፣ መምህሩ ሲቆጣ ድምፁ እንዴት እንደሚቀጥን፣ ተነስቼ እያስመሰልኩ አሳያታለሁ። እናቴ ዕንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች፣ ወይ ደግሞ «ወይ ጉድ!» ብላ አፏን ትይዛለች። ክፍል ውስጥ ደረጃዬ ዘጠነኛ ነበር፤ እናቴ ፊት ግን የሚቀድመኝ አልነበረም።

ስለ ጆሮ ጠቢዋም ነገርኳት። እናቴ «ሰው ሳታውቁ አትፍረዱ» አለች። ግን ደግሞ «ምሳ ሰዓት በየቀኑ?» ብላ ጠየቀች። እሷም ጠርጥራለች ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ወጥመዱን ያሰበችው ጓደኛዬ ናት። አንድ ሐሙስ እኔንና ያንን ስልኩ የተወሰደበትን ልጅ አንድ ጥግ ሰብስባ እንዲህ አለችን። «አንድ የውሸት ወሬ እንፈጥራለን። ከእኛ ከሦስታችን ሌላ የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሷ። ወሬው ዩኒት ሊደሯ ጋ ከደረሰ አለቀ፣ ተረጋገጠ።»

«ማን ይነግራታል?» አለ ልጁ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ስትናገሪ ሰው ያምንሻል» አለችኝ ጓደኛዬ።

ወሬው ይሄ ነበር፦ የኤ ሴክሽን ልጆች የሒሳብ ሚድ ፈተናን ከእኛ ቀድመው ስለሚወስዱ፣ አንዱ ጥያቄዎቹን ገልብጦ ሰኞ በምሳ ሰዓት ከላብራቶሪው ጀርባ ያመጣልናል፤ የምትፈልጊ ከሆነ ነይ። አርብ ረፍት ላይ ብቻዋን ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘኋትና አጠገቧ ቁጭ ብዬ ነገርኳት። ቀና ብላ ረዘም ላለ ጊዜ አየችኝ። ዓይኖቿ የማይርገበገቡ ነበሩ። «እሺ» አለች።

ያን ማታ፣ ያቺ «እሺ» አምናኝ ይሁን ጠርጥራኝ ስላልገባኝ፣ ወሬው ያሳምን እንደሆነ እናቴ ላይ ልሞክረው አልኩ። እናቴ ውሸትን ትለያለች፤ እሷን ካሳመነ ማንንም ያሳምናል። እንደ እውነት አድርጌ፣ ሰዓቱንም ቦታውንም ሳልተው አወራሁላት።

«ከፈተና በፊት?» አለች እናቴ ቀና ብላ። «አንቺ ግን እንዳትሄጂ! ሰማሽ?»

«አልሄድም እማዬ።»

ወጥመድ መሆኑን ልነግራት ፈልጌ ነበር። ግን ሰው ላይ መዶለቴን እንደማትወድልኝ ስለማውቅ ዝም አልኩ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ሦስታችን ሁለተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ቆመን ጠበቅን። ስድስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ዩኒት ሊደሯ ከቢሮዋ ወጣች። ዘበኛው ተከተላት። ላብራቶሪውን ዞረው ከጀርባው ሄዱ፤ ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ልጅቷ አልመጣችም።

«ተፈታ» አለች ጓደኛዬ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ከሰዓት በኋላ ክፍሉ በሙሉ ሰምቶ ነበር። ማንም አልተሳደበም፣ ማንም አልነካትም። አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ፊት ሄደች፣ በቃ። በማግስቱ የባዮሎጂ ቡድኗ ስሟን ሰርዞ ወረቀቱን አስገባ። እሷ ስትመጣ ወሬ ይቆማል፤ ስታልፍ ይቀጥላል። አንድ ቀን ጠዋት ዴስኳ ላይ በጠመኔ ትልቅ ጆሮ ተስሎ ጠበቃት። በሹራቧ እጅጌ ጠርጋው ተቀመጠች። በማግስቱም ተሳለ። በየቀኑ ማን እንደሚስለው አይታወቅም፣ ተራ የያዝን ይመስል ነበር። አንድ ቀን እኔም ስያለሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ ቀድሜ ገባሁ፣ ጠመኔው ነበር፣ ሳልኩት።

ለፋሲካ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ወጣች፤ ሲከፈት አልተመለሰችም። ከተከፈተ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ምንም ወሬ ወደ ቢሮ አልደረሰም። «አያችሁ?» አለች ጓደኛዬ። ሰው መተንፈስ ጀመረ። ግሩፑም ተመልሶ አንድ ሆነ።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ቱቶሪያል ነበረኝ። እናቴ ደግሞ በዚያ ሰዓት ከእህቶች ጋር የጸሎት ኅብረት አላት፤ አስር አስራ ሁለት ሆነው በየተራ አንዳቸው ቤት ይሰበሰባሉ። ሄጄ አላውቅም። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ የፊዚክስ መምህሩ ታመመና ቱቶሪያሉ ቀረ። እናቴ ያን ቀን ለስላሳ የማምጣት ተራዋ ስለነበር ሳጥኑን እንዳግዛት ይዛኝ ሄደች። ቤቱ ጎፋ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎኑ ሞልቷል። እኔ ኩሽና ገብቼ ብርጭቆ ማጠብ ጀመርኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ይሰማኛል።

ከመጸለያቸው በፊት እያንዳንዷ የጸሎት ርዕስ ታቀርባለች። አንዷ የባሏን ሥራ፣ አንዷ የእህቷን መውለድ። ከዚያ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ።

«ለትምህርት ቤት ልጆቻችን እንጸልይ። ስም አልጠራም፤ አንድ ልጅ አለ። ላፍቶ ጫት ቤት መዋል ጀምሯል። አርብ ከሰዓት ዘበኛው ምሳ ሲበላ ጠብቆ፣ ቦርሳውን አስቀድሞ ይወረውርና ግንቡን እንደ አምባሻ ሌባ ይዘላል አሉ። እናቱ ምስኪን ናት፣ አታውቅም። ጌታ እንዲመልሰው።»

«እንደ አምባሻ ሌባ» የእኔ ቃል ነው። ስለ አንድ የክፍላችን ልጅ ሐሙስ ማታ እናቴን ለማሳቅ ያልኩት ነው። ቧንቧውን ዘጋሁ።

«አሜን» ተባለ። ቀጥሎም ዝግ ያለ፣ ጨዋ ድምፅ ሰማሁ። «በየትኛው በኩል ነው ያልሽኝ እህቴ? በኋላው ግንብ?»

«በኋላው ነው አሉ» አለች እናቴ።

ድምፁን ለማወቅ በበሩ ማየት አላስፈለገኝም። ግን አየሁ። ዩኒት ሊደሯ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ያለ ጫማ፣ ከእናቴ ጎን ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። የእናቴን እጅ ይዛ ነበር።

ወደ ቤት በእግራችን ነው የተመለስነው። ግማሽ መንገድ ደረስን። ከዚያ ቆምኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እሷ እዚያ የምትመጣው?»

«ማን? እህታችን? ከመስከረም ጀምሮ። የወላጆች ስብሰባ ላይ ተዋውቀን እኔ ነኝ የጋበዝኳት። ለምን እንዲህ ትጮሂያለሽ፣ መንገድ ላይ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትምህርት ቤት ስታዪያት እንዳትጨነቂ ብዬ ነዋ።»

«ስልኮቹንም ነግረሻታል? ደረጃ ላይ ያሉትንም? ላብራቶሪውንም?»

«ለእሷ አልነገርኩም። ለጸሎት ነው ያቀረብኩት። ስም ጠርቼ አላውቅም።»

«እማዬ፣ በየጊዜው ሰው ሲያዝ እነግርሽ አልነበረም? አልጠረጠርሽም?»

«እግዚአብሔር የሰማን መስሎኝ ነበር» አለች።

እስከ ዛሬ ይህን መልሷን ምን ብዬ እንደምወስደው አላውቅም። እናቴ አትዋሽም። ነገር ግን ሞኝም አይደለችም። ቅዳሜ የጸለየችበት በሳምንቱ ሲሆንላት፣ እዚያ ሶፋ ላይ አጠገቧ ማን እንደተቀመጠ አንድ ቀን እንኳ አላሰበችም? ወይስ ማሰብ አልፈለገችም? ብዙ ጊዜ ልጠይቃት ተነስቼ ትቼዋለሁ። ያን ምሽት እግሯን ዘርግታ እኔን ጠበቀች፤ እኔ ደብተሬን ይዤ ጓዳ ገባሁ።

ሰኞ ለጓደኛዬ ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም፤ ፊቷ ግን ቀስ በቀስ ሲገረጣ አየሁ።

«ለማን ነገርሽ?» አለች።

«ላንቺ ብቻ።»

«ዝም በይ። ልጅቷ እንደሆን ሄዳለች። አሁን ብትናገሪ ምን ይጠቅማታል? ወጥመዱን ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ እኔንም ነው የሚበሉኝ።»

ዝም አልኩ። አስር ቀን ዝም አልኩ። ያን ሁሉ ቀን ምሳ በላሁ፣ ሳቅሁ፣ የባዮሎጂ ፈተና ተፈተንኩ። ያ ጫት ቤት የሚውለው ልጅ ግን አርብ በኋላው ግንብ ሊዘል ነው፤ ሴትዮዋ ደግሞ ትጠብቀዋለች። ባለፈው አርብ ሴትዮዋ ስብሰባ ላይ ስለነበረች ተርፏል። በሁለተኛው ሐሙስ ጠጋ ብዬ «ነገ አትውጣ» አልኩት።

«ለምን?»

«ዝም ብለህ አትውጣ። ይጠብቁሃል።»

ዓይኖቹ ጠበቡ። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

ይኸው ጥያቄ ነበር ስድስት ወር ሙሉ ስንጠይቀው የኖርነው፤ አሁን ወደ እኔ መጣ። ያን ቀን ከሰዓት እሱና ሌሎች ሁለት ወደ እኔ እያዩ ሲነጋገሩ አየሁ።

ቅዳሜ ለእናቴ ቱቶሪያል አለኝ ብዬ ሀና ማርያም ሄድኩ። የልጅቷ አክስት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ትንሽ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ እንዳላቸው አውቃለሁ፤ አንዴ ክፍል ውስጥ ራሷን ስታስተዋውቅ ተናግራ ነበር። ሦስት ሱቅ ጠይቄ አገኘሁት። አክስቷ መጋረጃ እየለኩ ነበር።

«እንደምን ዋሉ? ከትምህርት ቤት ነው የመጣሁት።»

ሴትዮዋ ሜትራቸውን አስቀምጠው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አሁን ነው የምትመጡት?» አሉ። ከዚያ ወደ ጓሮ ተጣሩ።

ልጅቷ ወጥታ ስታየኝ አልደነገጠችም። የሱቁ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ዳር ተቀመጠች። እኔ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ወጥመዱን፣ እናቴን፣ የጸሎቱን ርዕስ፣ የሳልኩትን ጆሮ።

«ወጥመድ መሆኑን አውቄ ነበር» አለች።

«እንዴት?»

«መስከረም ከመጣሁ ጀምሮ ከዚያ ክፍል አንድ ሰው ምንም ነግሮኝ አያውቅም። ድንገት አንቺ መጥተሽ ፈተና ተሰረቀ ስትዪኝ ምን ላስብ? ስለዚህ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለአክስቴ እንኳ። ሰኞ ግን ሴትዮዋ ሄደች።» ቀና ብላ አየችኝ፣ እንደዚያን ቀን ሳትርገበገብ። «ስለዚህ አንቺ ነሽ ብዬ ነበር። እኔ የነገርኩ አስመስለሽ የምትናገሪው አንቺ ነሽ ብዬ።»

«ለምን አልተናገርሽም ታዲያ?»

«ማን ያምነኛል?»

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት፤ ምሳ ሰዓት ቢሮ ውስጥ ምን ታደርግ እንደነበር። የአግዳሚውን ጠርዝ በጥፍሯ ስትፍቅ ቆየች። ከዚያ «እንግሊዝኛ» አለች። «የመጣሁበት ትምህርት ቤት መምህሩ በአማርኛ ነው የሚያስረዳን። እዚህ ስመጣ የምትሉት አይገባኝም ነበር። ሒሳብና ፊዚክስን በቁጥሩ እወጣው ነበር፤ እንግሊዝኛ ማንበብ ራሱ ግን ይከብደኝ ነበር። ሴትዮዋ አይታ በየቀኑ ታስነብበኝ ነበር። ሌላ ምንም አልተጠየቅኩም፣ ሌላ ምንም አልተናገርኩም።»

«ይህን ብትነግሪን ኖሮ እኮ...»

«ማንበብ አልችልም ከምል ጆሮ ጠቢ ብባል ይሻለኝ ነበር» አለች።

ልሄድ ስዞር «ለእነሱ ንገሪልኝ» አለችኝ። «በቴሌግራም አይደለም። ፊት ለፊት።»

ሰኞ ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ፣ መምህር ከመግባቱ በፊት፣ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። ጓደኛዬ ከዴስካችን ራሷን በአሉታ እየነቀነቀች ታየኛለች። የእሷን ስም አላነሳሁም። «ጆሮ ጠቢው እኔ ነኝ» ብዬ ጀመርኩ፤ እስከ መጨረሻው አወራሁ። ሠላሳ ስድስት ሰው ያዳምጠኛል፤ እንደዚያ ቀን ጸጥ ብሎ ሰው ሰምቶኝ አያውቅም። ስጨርስ ከኋላ አንድ ሰው «ለጸሎት?» አለ። ሁለት ሦስት ልጆች ሳቁ። በአባቷ በጥፊ የተመታችው ልጅ አልሳቀችም፤ ተነስታ ወጣች።

በሁለተኛው ፔሬድ ዩኒት ሊደሯ አስጠራችኝ። በሩን ዘጋችና እንድቀመጥ አመለከተችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ የልጆች የእንግሊዝኛ ተረት መጻሕፍት ተደርድረው አየሁ፤ የመጀመሪያ ክፍል መጻሕፍት ናቸው።

«እናትሽን አሳፈርሻት» አለች።

«እርስዎስ ቲቸር? እኛ ያቺን ልጅ ስንጠረጥር አያውቁም ነበር?»

«አንድ ልጅ ጫት ቤት እየዋለ መሆኑን ብትሰሚ ዝም ትያለሽ?» አለችኝ።

የጠየቅኳት ይህን አልነበረም። ግን ለዚህኛውም መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። ያ ልጅ ያን አርብ አልወጣም፤ በኋላም ተያዘ፣ አባቱ ሌላ ትምህርት ቤት አስገባው፣ ዛሬ ደህና ነው ይባላል። ሴትዮዋ ግን አውቃ ነበር ወይስ አላወቀችም የሚለው አልተመለሰልኝም። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ፊት ለፊቷ የምትቀመጠውን ልጅ ፊት ታያለች። በጠመኔ የነጣ እጅጌዋንም።

ጓደኛዬ ዴስክ ቀየረች። ማንም ዴስኬ ላይ ጆሮ አልሳለም፤ እኔ ስመጣ ወሬው ብቻ ይቆማል። እስከ ሰኔ ምሳዬን ብቻዬን በላሁ። እናቴ የጸሎት ኅብረቱን ተወች፤ ሌላ ኅብረት አልገባችም። ማታ ማታ ቴሌቪዥን እንከፍታለን።

ልጅቷ ለዓመቱ መጨረሻ ፈተና ተመልሳ መጣች፤ አክስቷ በር ድረስ አድርሰዋት ቆመው ይጠብቋት ነበር። አንዳንዶቹ ይቅርታ ሊጠይቋት ሲጠጉ «እሺ» እያለች አለፈቻቸው። አስራ ሁለተኛን ነፋስ ስልክ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማረች። ለብሔራዊ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስንገባ በምግብ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። ሰላም ተባባልን። ፈተና እንዴት ነበር ስላት «ያው ነው» አለች፤ ውጤት ሲመጣ ግን ከእኔ በብዙ በልጣ ነበር። ጅማ ሕክምና እንደገባች ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት።

ስልክ ቁጥሬን እንዴት እንዳገኘችው አላውቅም፤ በየዓመቱ ለዘመን መለወጫ «እንኳን አደረሰሽ» ብላ ትልክልኛለች። እኔም «እንኳን አብሮ አደረሰን» እላለሁ። እንዴት ነሽ፣ ትምህርት እንዴት ነው፣ የት ነው ያለሽው ብዬ ጽፌላት አውቃለሁ። ይነበባል፤ ለእሱ መልስ አይመጣም። አልፈርድባትም።